«ነዳጅ ትጠጣለች» የሚለው ቅሬታ ጋራዥ ሲገባ

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ተቀባይ ጥያቄዎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። ፍሬን ስትይዝ ትጮኻለች? መሪዋ ወደ አንድ ጎን ይስባል? ዳሽቦርድ ላይ የበራ መብራት አለ? ባለመኪናው ለሁሉም «የለም» ብሎ ሲያበቃ «ግን ነዳጅ ትጠጣለች» ሲል ተቀባዩ እጁ ኪቦርዱ ላይ ቆም ይላል። «በፊት በሊትር ስንት ትሄድ ነበር? አሁንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ከገጠመዎ ዕድለኛ ነዎት። አብዛኛውን ጊዜ ጆብ ካርዱ ላይ የምትሰፍረው «ደንበኛው ነዳጅ በዛብኝ ይላል» የምትል አንዲት መስመር ናት። ከሰዓት በኋላ ከቁልፉ ጋር የሚመለሰው ወረቀት ደግሞ «ተፈትሿል፣ ጉድለት አልተገኘም» ይላል።

ለምን እንዲህ እንደሚያልቅ ለማወቅ ቅሬታውን ከሌሎቹ ጋር ማስተያየት ይበቃል። የሚጮህ ፍሬን ባለመኪናውም መካኒኩም እኩል ይሰሙታል። የሚያፈስ ዘይት መሬት ላይ ይታያል። የነዳጅ ፍጆታ ግን አይሰማም፣ አይታይም፤ የሁለት ቁጥሮች ንጽጽር ብቻ ነው። ችግሩ ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች የሚያስተማምኑ አለመሆናቸው ነው። አንዱ ብሮሹር ላይ የታተመው፣ ከላቦራቶሪ የመጣው ነው። ሌላው የባለመኪናው ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ከኪስ ስሜት የተነሣ እንጂ የተለካ አይደለም። የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ሰሞን ጋራዦች በዚህ ቅሬታ የሚጥለቀለቁት መኪኖች ሁሉ በአንድ ወር ስለተበላሹ አይደለም።

ከብሮሹሩ ቁጥር እንጀምር። ማንም ሰው መኪናዋን መንገድ ላይ ነድቶ አላገኘውም። መኪናዋ በዝግ ክፍል ውስጥ በሚሽከረከር ሮለር ላይ ትቆማለች፤ ሾፌሩ ስክሪን ላይ የተሳለለትን የፍጥነት መስመር ተከትሎ ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሬን ይይዛል። አውሮፓ ለረጅም ዓመታት የተጠቀመበት ኤንኢዲሲ የተባለው ፈተና ጠቅላላ ርዝመቱ 11 ኪሎሜትር፣ ጊዜው 20 ደቂቃ እንኳ የማይሞላ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎሜትር ገደማ ነበር። ይህን ያህል ዝግ ብሎ የሚነዳ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አይሲሲቲ የተባለው የጥናት ተቋም ባለመኪኖች ራሳቸው የመዘገቡትን ፍጆታ ሰብስቦ ከወረቀቱ ጋር ሲያስተያየው፣ ልዩነቱ እ.ኤ.አ. በ2001 9 በመቶ ገደማ የነበረው በ2015 42 በመቶ ደርሶ ነበር። መኪኖቹ በዓመታት ውስጥ ባይሻሻሉ አይደለም። አምራቾቹ ለፈተናው ማዘጋጀቱን እየተካኑበት ስለሄዱ ነው፤ የፈተና ጥያቄ አስቀድሞ የደረሰው ተማሪ ውጤቱ ያምራል።

ከ2017 ጀምሮ እሱን የተካው ደብልዩኤልቲፒ የተባለው ፈተና 23 ኪሎሜትር ይረዝማል፣ 30 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከፍተኛው ፍጥነትም በሰዓት 131 ኪሎሜትር ይደርሳል። የተሻለ ነው፤ ግን ኤሲው እዚህም እንደጠፋ ነው። አሜሪካኖቹ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ኤሲ የሚከፈትበትን፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ብርድ ያለበትን እና በኃይል የሚነዳበትን ፈተና ጨምረዋል። ስለዚህ የአሜሪካ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ከአውሮፓው አነስ ብሎ ቢገኝ መኪናዋ ስለተለወጠች አይደለም። ሁለት ባለመኪኖች በአንድ ሞዴል ላይ «ብሮሹሩ እንዲህ ይላል» እየተባባሉ ሲከራከሩ፣ አንዳንዴ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ውሸት ሆኖ ይገኛል። ሁንዳይና ኪያ በኅዳር 2012 በአሜሪካ 900,000 ገደማ መኪኖች ላይ የለጠፉት ቁጥር የተጋነነ መሆኑን አመኑ፤ በ2014ም 100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማሙ። ስህተቱ የተፈጸመው ከሮለሩ በፊት ነበር። መኪናዋ ሜዳ ላይ በፍጥነት ትነዳና ማርሹ ዜሮ ላይ ተደርጎ በራሷ እስክትቆም ትለቀቃለች፤ ንፋሱና ጎማው ምን ያህል እንደሚይዛት የሚታወቀው በዚህ ነው። ኩባንያዎቹ የብዙ ሙከራዎችን አማካይ መውሰድ ሲገባቸው የሚመቻቸውን ይመርጡ ነበር። በዚያ ሜዳ የተገኘች ትንሽ ብልጫ ሮለሩ ላይ ወደ ጥሩ ቁጥር ትለወጣለች።

የሚትሱቢሺው በ2016 ሲወጣ ነገሩን ያጋለጠው መንግሥት አልነበረም። በራሱ ስም ከሚትሱቢሺ ጋር የሚሸጣቸውን ትናንሽ መኪኖች የለካው ኒሳን ነው፤ ቁጥሩ አልገጠመለትም። 625,000 መኪኖችን ነካ። ፎርድ ደግሞ በነዳጅም በባትሪም የምትሄደውን ሲ-ማክስ ሀይብሪድ ሳይፈትን፣ በሞተርና በክብደት የምትመስላትን የሌላ መኪናውን ውጤት ለጠፈላት። ይህን ሕጉ ይፈቅድ ነበር። ነገር ግን የሲ-ማክስ ቁመናዋ ንፋስ የሚይዝ ነው፤ በሊትር 20 ኪሎሜትር ተብሎ የተጻፈው በ2013 ወደ 18፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወደ 17 ወረደ። የገዙት ሰዎች ካሳ ተከፈላቸው። ከዚያ በፊት «የተባለውን አልሄደችልኝም» ብለው ጋራዥ የመጡት ምን ተባሉ ይሆን? ጋራዡማ ከወረቀቱ ሌላ ምን አለው፤ መኪናዋን ይፈትሻል፣ ደህና ናት፣ ይመልሳታል። ጉድለቱ መኪናዋ ላይ ሳይሆን መስታወቷ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነበር።

ጋራዡ ራሱ ፍጆታውን ለወጠው ተብሎ የተከሰሰበትም አለ። የሆንዳ ሲቪክ ሀይብሪድ ባለቤቶች ለባትሪው ዕድሜ ተብሎ በሰርቪስ ከተጫነው ሶፍትዌር በኋላ ነዳጁ እንደጨመረ ይናገሩ ነበር። አንዲት የካሊፎርኒያ ባለመኪና ጠበቃ በማይቆምበት ትንሽ ፍርድ ቤት ከሳ በየካቲት 2012 9,867 ዶላር ተፈረደላት፤ በዚያው ዓመት በይግባኝ ተሻረ። ሶፍትዌር ከተጫነ በኋላ ወረቀቱ ላይ «ማሻሻያ ተደርጓል» ብቻ ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው እኔን የማይዋጥልኝ። ምን ተሻሻለ? ለማን?

የባለመኪናው ቁጥርስ? እዚህ ጋር ለሻጩ መፍረድ አለብኝ። ብዙዎቻችን የምንጠቅሰው ዳሽቦርዱ ያሳየንን ነው፤ እሱ ደግሞ ግምት ነው። ኮምፒዩተሩ ነዳጅን በሊትር አይለካም፤ ሞተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚረጩት ኖዝሎች ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ቅጽበት እንደተከፈቱ ቆጥሮ ያሰላል። ብዙ ጊዜ ለራሱ ያደላል። እውነተኛው ዘዴ አሮጌው ነው፦ ማደያ ገብቶ ፉል መሙላት፣ ትሪፑን ዜሮ ማድረግ፣ መንዳት፣ ተመልሶ ፉል መሙላት፣ የተነዳውን በሞላው ሊትር ማካፈል። 512 ኪሎሜትር ተነድቶ 42.6 ሊትር ከገባ በሊትር 12 ኪሎሜትር ነው። አንድ ሙሌት ብቻ ግን አያስተማምንም። የፓምፑ ማቆሚያ አንድ ቀን ቀድሞ፣ አንድ ቀን ዘግይቶ ይይዛል፤ ከ40 ሊትር ላይ የሁለት ሊትር ልዩነት ብቻዋን 5 በመቶ ናት። በአራት አምስት ሙሌት ግን ስህተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል።

በዚያ ላይ በኪሎሜትር በሊትር ማሰባችን ራሱ ያታልላል። በሊትር 8 ትሄድ የነበረች መኪና ወደ 10 ከፍ ብትል በየ100 ኪሎሜትሩ 2.5 ሊትር ተረፈ ማለት ነው። ከ16 ወደ 20 ከፍ ያለችው ደግሞ፣ ጭማሪው በአይን ሲታይ እጥፍ ቢሆንም፣ የምታተርፈው 1.25 ሊትር ብቻ ነው። ላሪክና ሶል የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ይህን አሳይተው ነበር፤ ሰው ቁጥሩ ላይ ያለውን ጭማሪ እንጂ ሊትሩን አያይም። ስለዚህ ከ18 ወደ 16 ወረደች ብሎ የሚጨነቀው ሰው ከ9 ወደ 8 ከወረደችበት ጎረቤቱ ያነሰ ነው የከሰረው። ፍጆታን በየ100 ኪሎሜትር ሊትር ማሰብ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ከዚያ ነጂው አለ። ማንም ስለ ራሱ አነዳድ መስማት አይወድም፤ ተቀባዩም ደንበኛ እንዳያስቀይም አያነሣውም። የንፋስ ግፊት ፍጥነት ሲጨምር በስኩዌር ነው የሚያድገው፤ ከ100 ወደ 120 ሲኬድ ግፊቱ 44 በመቶ ይጨምራል። ከተማ ውስጥ እየተነሡ እየቆሙ በኃይል መንዳት ከ10 እስከ 40 በመቶ ያስከፍላል። ፖርቶ መጋላ ላይ የተጫነ ሳጥን በአውራ ጎዳና ፍጥነት ከ10 እስከ 25 በመቶ ይበላል፤ ሳጥኑ ባዶ ቢሆንም ንፋሱ ግድ የለውም። አጫጭር ጉዞ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ነዳጅ አብዝቶ ይሰጠዋል፤ አምስት ኪሎሜትር ሄዶ የሚጠፋ ሞተር ዕድሜውን ሙሉ ሳይሞቅ ይኖራል። ሥራ የቀየረ፣ ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው መኪናዋ ላይ ምንም ሳይነካ ፍጆታው ሊለወጥበት ይችላል። የጎማ ንፋስ እንኳ በብዙ እንደሚወራለት አይደለም፤ ዋጋው ጥቂት በመቶ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖም መኪናዋ የእውነት የታመመችበት ጊዜ አለ፣ ጋራዡም የማያገኘው ይኖራል። ለምን እንደማያገኘው ብዙ ባለመኪና አያውቅም። በብዙ አገር የሻጭ ጋራዥ መካኒክ የሚከፈለው በሰዓት አይደለም፤ በመጽሐፍ በተወሰነለት የሥራ ጊዜ ነው። የፍሬን ሸራ መቀየር አንድ ሰዓት ተኩል ተብሎ ከተጻፈና እሱ በሃምሳ ደቂቃ ከጨረሰው ትርፉ የሱ ነው። «ነዳጅ ትጠጣለች» የሚለው ሥራ ግን መጽሐፉ ውስጥ ጊዜ የለውም። መንዳት፣ ማስሞቅ፣ መጠበቅ፣ እንደገና መንዳት ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ ከመካኒኩ ኪስ የሚሄድ ጊዜ ነው። ዋስትና ውስጥ ያለች መኪና ስትሆን ደግሞ ከፋዩ አምራቹ ነው፤ አምራቹ የሚፈቅደው ሰዓት ደንበኛ ከሚከፍልበት ያነሰ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ የመመርመሪያ ኮምፒዩተር ይሰካል፣ የተመዘገበ የብልሽት ኮድ የለም፣ አለቀ።

ኮድ አለመኖር ጤንነት አይደለም። የተያዘ የፍሬን ካሊፐር ጎማውን ሳይለቅ ሲያንገላታ የመኪናዋ ኮምፒዩተር አያውቀውም። በእጅ ግን ይታወቃል፦ ፍሬን ብዙ ሳይያዝ ጥቂት ተነድቶ ከቆመች በኋላ እጅን ወደየጎማው ቸርኬ ሲያስጠጉ አንዱ ብቻ ይፋጃል። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር ሲደክም መብራት እስኪያበራ ድረስ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ሲበላሽ ደግሞ ከባድ በሆነበት ሁኔታ ፍጆታውን እስከ 40 በመቶ ሊጨምረው ይችላል። የሚያውቅ መካኒክ ኮዱን ሳይሆን ኮምፒዩተሩ በራሱ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳየውን ንባብ ይመለከታል። ይህ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ግን መጠየቅ አለበት።

በምትኩ የሚሸጠው ሌላ ነው። የአየር ፊልትሮ፣ የኖዝል እጥበት፣ ታንከር ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ በ2009 እንዳሳየው በኖዝል በሚሠሩ ዘመናዊ ሞተሮች ላይ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ነዳጅ አያስጨምርም፤ ኮምፒዩተሩ የሚገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን ያመጣጥናልና። በካርቡሬተር ዘመን እውነት ነበር፤ ምክሩ ከካርቡሬተሩ በላይ ኖረ። ስለ ተአምረኛ ቆጣቢ ዕቃዎች ደግሞ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከ100 በላይ ፈትኖ አንድ ነገር ጠብ ያደረጉት በጣም ጥቂት ናቸው። የሰርቪስ ክፍል በሻጮች ዘንድ ከአዲስ መኪና ሽያጭ የበለጠ የትርፍ ህዳግ ያለው መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ፊልትሮው ለምን ቶሎ እንደሚቆሽሽ አይገርመውም። (የኖዝል እጥበት ሁሌ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሞተሩ ሲያንተፋትፍ ይረዳል። ለፍጆታ ቅሬታ እንደ መጀመሪያ መድኃኒት ሲታዘዝ ነው ነገሩ።)

«ሌላ ጋራዥ ከነካት ዋስትናዋ ይቃጠላል» የሚለው ማስፈራሪያም ብዙ ሰው ያስራል። አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ዋስትናን ከራስ ዕቃና ከራስ ጋራዥ ጋር ማሰር የሚከለክል ሕግ አላት፤ አውሮፓም ተመሳሳይ ደንብ አለው። በሁለቱም ቦታ ባለመኪናው ሰርቪሱን በሰዓቱ፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ማስደረጉን የሚያሳይ ወረቀት መያዝ አለበት። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ቅሬታ አልቀረበም ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮነቲከት በ1982 የጀመረችው፣ ጉድለቷ አልጠፋ ያለ አዲስ መኪናን የሚያስመልሰው ሕግም የሚቆጥረው ለዚያው ጉድለት ስንት ጊዜ ጋራዥ እንደተገባ ነው። ስለዚህ «ነዳጅ በዛብኝ ይላል» የምትለዋ መስመር ቁጥር ይዛ እንድትጻፍ መሟገት ጭቅጭቅ አይደለም።

አሁን መኪኖቹ ራሳቸው መስካሪ እየሆኑ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ አዲስ የሚመዘገቡ የቤንዚን፣ የናፍጣና በሶኬት የሚሞሉ ሀይብሪድ መኪኖች በዕድሜ ዘመናቸው የፈጁትን ነዳጅና የሄዱትን ርቀት ውስጣቸው ይመዘግባሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ውጤት መሠረት የቤንዚንና የናፍጣዎቹ ከወረቀታቸው 20 በመቶ ገደማ ይበልጣሉ። በሶኬት የሚሞሉት ግን ሦስት ተኩል እጥፍ ሆነው ተገኙ፤ ሰው ሶኬቱን ረስቶ በቤንዚን ይነዳቸዋል። ይህ ቁጥር በጋራዡ ኮምፒዩተር ይነበባል። እኔ እስከማውቀው ግን ተቀባዩ አንብቦ ወረቀት ላይ የሚያሰፍርበት ልማድ ገና አልመጣም።

የኔዋ ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራች ናት። በሊትር 14.1 ትሄድ የነበረች መኪና ነዳጅ ማብዛቷን ጠርጥሬ ስወስዳት አሁን ስንት እንደምትሄድ የሚያሳይ ቁጥር አልነበረኝም፤ «ጨመረብኝ» ብቻ አልኩ። የአየር ፊልትሮ ቀየሩ፣ ኖዝል አጠቡ፣ «ጉድለት አልተገኘም» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ማደያ በሄድኩ ቁጥር ደረሰኙ ጀርባ ላይ ኪሎሜትሩን መጻፍ የጀመርኩት። ስድስት ሙሌት፣ አማካይ 12.4። በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር አስተዋልኩ፤ የሙቀት መርፌዋ ትራፊክ ውስጥ መሃል ላይ ትቆማለች፣ ፈጣን መንገድ ላይ ስወጣ ግን ወደ ታች ትወርዳለች።

ደረሰኞቹን ይዤ እዚያው ተመለስኩ። ተቀባዩ ወረቀቶቹን አገላብጦ አየና ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ይዞ መጣ። ስለ መርፌዋ ነገርኳቸው። ኮምፒዩተር አላመጡም። መኪናዋ ካደረች በኋላ እንዲያይዋት ጠዋት አምጣት አሉኝ። በማግስቱ ኮፈኑን ከፍተው አስነሡ፣ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨበጡና ዝም ብለው ቆሙ። ደህና በሆነ ሞተር ላይ ያ ቱቦ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ቴርሞስታት ሲከፈት በአንዴ ይፋጃል። የኔው ገና ከመነሣቷ ቀስ እያለ ይለበልብ ጀመር። «ተከፍቶ ቀርቷል» አሉ፤ «ኮምፒዩተሯ ሞተሩ ሁልጊዜ የበረደ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ነዳጅ ያበላዋል።»

ቴርሞስታቱ ተቀየረ። ቀጣዮቹ ሦስት ሙሌቶች 13.7፣ 13.9፣ 13.8 ሆኑ። 14.1 ግን አልመጣም፤ ሰውየው ጋ ሄጄ ይህንንም አሳየኋቸው። ደረሰኙን አይተው ወደ መኪናዋ ወጡ፣ ዝቅ ብለው የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን መጠን አነበቡ። ባለፈው ዓመት ስቀይር ትንሽ ከፍ ያለ ጎማ ነበር ያስገባሁት። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ስለሚሄድ ቆጣሪው ከተነዳው ያነሰ ይመዘግባል፤ ሁለት በመቶ ገደማ። ነዳጁ የትም አልሄደም፤ የጠፉት ኪሎሜትሮቹ ነበሩ።